ዝም ያለው ልጅ ይቅደም

አፍንጫው ውስጥ ሽምብራ የከተተ ልጅ እንዴት እንደሚጮህ የሰማ ያውቀዋል። አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። ልጁ ግን ዝናቡን አሸንፎታል። አባቱ ደግሞ ከልጁ ብሶ «ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት? ልጄ ሊታፈንብኝ ነው እኮ!» እያለ በሩን ይደበድባል። ጥበቃው «ረጋ ይበሉ አባት» ይላል፤ ሰሚ የለም። ወረፋ የያዙት እናቶች ሳይቀሩ አዘኑለትና «እሱ ይቅደም፣ እኛ እንጠብቃለን» አሉ። የኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ለጮኸ ያዝናል።

ልጁን አየሁት። እንባው ይወርዳል፣ አባቱን በእርግጫ ይማታል፣ ነጭ ጋውኔን ሲያይ ደግሞ ጩኸቱን ጨመረ። እንዲህ ለመጮህ ደረት ሙሉ አየር ይጠይቃል። እንዲህ ለመራገጥ እስከ እግር ጣት ደም የሚያደርስ ልብ ይጠይቃል። መርፌ የምትወጋዋን ሴት ከሩቅ ለይቶ ለመፍራት ደግሞ የነቃ ጭንቅላት ያስፈልጋል። ሳልነካው ሦስቱንም አየሁለት። ሽምብራው ይጠብቃል።

ዐይኔ የሄደው ወደ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። እቅፏ ላይ ጋቢ አለ፤ ጋቢው ውስጥ ፎጣ፣ ፎጣው ውስጥ ሌላ ጨርቅ። አጠገቧ እናቷ ናቸው፤ ፌስታልና ፔርሙስ ይዘዋል።

«ስንት ጊዜው ነው?» አልኳት።

«ዘጠኝ ቀኑ።»

«ምን ሆኖብሽ ነው?»

ልትመልስ ስትል አያትየው ቀደሙ። «ምንም አይል እሱ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጡት ቀነሰ እንጂ። ጭምት ልጅ ነው ልጄ፣ አያስቸግርም።»

ጭምት። ይህችን ቃል ስሰማ ክው እላለሁ።

የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ እዚህ የምጽፈው የኔን ጥፋት ጭምር ስለሆነ ለሌላ ሰው ጣጣ ማምጣት አልፈልግም። «ሕፃናት ላይ መሥራት አይከብድም?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። መርፌው፣ ለቅሶው፣ የወላጅ ቁጣው ነው የሚታያቸው። ለቅሶውስ ይለመዳል። እኔን የሚከብደኝ ዝምታው ነው።

«ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም» እንላለን። ቀበሌም፣ ባንክም፣ ታክሲ ወረፋም የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። የጮኸ ይስተናገዳል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግን ይህ ሕግ ልጅ ይገድላል። ይህን ከመጽሐፍ ተምሬው ነበር፤ ያወቅኩት ግን በሌላ መንገድ ነው።

የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ ይዛ አንዲት እናት ገባች። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ነበር። በዚያች ሰዓት ጆሮውን የሚያመው ልጅ ቤቱን በአንድ እግሩ አቁሞታል፤ እጇ የተሰበረ ልጅ አለች፤ የአንዱ አባት ደግሞ ስልክ እየደወለ «አለቃሽን አገናኚኝ» ይለኛል። ይህቺኛዋ እናት ምንም አላለችም። «አሁንስ ተሻለው መሰለኝ» አለች፣ «ከመሸ ወዲህ አልተቀመጠም። ዝም ብሎ ተኝቷል።»

እኔም ደስ አለኝ። «ጎሽ! ይተኛ፣ አትቀስቅሽው» አልኳት።

ይህችን ዓረፍተ ነገር እኔ ነኝ ያልኳት። ማንም አላለኝም።

ተቅማጡ የቆመው ተሽሎት አልነበረም። የሚወጣ ነገር አልቆ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ መጥታ «ሲስተር፣ እግሩ ቀዘቀዘብኝ» አለችኝ። ያኔ ሮጥን። ደም ሥሩ ጠፋን፤ ተራኛው ሐኪም ከጉልበቱ በታች አጥንቱ ውስጥ መርፌ አስገባ። ፈሳሹም ገባ። ረፍዶ ነበር። ሳይነጋ ሞተ።

ያን ሌሊት አብራኝ ተራ የነበረችው ነባር ነርስ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጇን እየታጠበች፣ ሳታየኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ነክተሽው ነበር?»

አልነካሁትም ነበር። እጄን ዘርግቼ እግሩን ብይዘው ኖሮ ሁለት ሰከንድ ነው የሚወስድብኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ የማላዊ ታሪክ ነው። ብላንታየር ከተማ ትልቁ ሆስፒታል፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ በሚባለው፣ ሕፃናት እንደኛው ወረፋ ይዘው ነበር የሚታዩት። መጀመሪያ የመጣ መጀመሪያ ይታያል። ከዚያ ኤልሳቤጥ ሞሊኒክስ የተባሉት የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው አሠራሩን ገለበጡት። ልጅ በሩን ሲያልፍ ወዲያው ይታያል፣ ይለያል፣ የባሰበት እዚያው መታከም ይጀምራል። ካርዱና ወረፋው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ከለውጡ በፊት ተኝተው ከሚታከሙት ሕፃናት ከ10 እስከ 18 በመቶ ይሞቱ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ከ6 እስከ 8 በመቶ ሆነ። የተሠራው ሥራ ባብዛኛው ማን ይቅደም የሚለውን ማስተካከል ነው። ይህን ሳነብ «መጀመሪያ ካርድ አውጡ» ብዬ የመለስኳቸው እናቶች ታወሱኝ። ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኳቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ እኛ በአጭሩ «ኢታት» የምንለው ስልጠናም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ልጁ አየር ይገባለታል? ይተነፍሳል? ደሙ ይዘዋወራል? ነቅቷል? ያንቀጠቅጠዋል? ውሃ አልቆበታል? ከነዚህ አንዷ ከተበላሸች ቀይ ነው፤ ሁሉም ነገር ቆሞ እሱ ይታከማል። ቀጥሎ ቢጫ አለ፤ ብዙ መጠበቅ የሌለበት። ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን ምንም ባይኖረው እንኳን ቢያንስ ቢጫ ነው፤ ዕድሜው ብቻ ይበቃዋል። የቀረው አረንጓዴ ነው፤ ወረፋውን ይጠብቃል። የሽምብራው ልጅ እንግዲህ የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሕፃን ማየት ከአዋቂ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አዋቂ ይነግርሃል። «እዚህ ጋ ይወጋኛል» ይላል፣ ቢሳሳትም ይላል። ሕፃን አይናገርም፤ ከነካሁት ደግሞ ያለቅስና ሁሉንም ነገር ያበላሽብኛል። ስለዚህ መጀመሪያ በዐይን ነው። ከበሩ ላይ ቆሜ፣ እናቱ እቅፍ ላይ እንዳለ፣ ሦስት ነገር አያለሁ። አንዱ ሁኔታው ነው፤ ሰው ያያል? ይፈራል? ሰውነቱ ጠንካራ ነው ወይስ ልፍስፍስ? ሁለተኛው አተነፋፈሱ ነው፤ አየር ሲያስገባ ከጎድኑ በታች ይሰረጉዳል? አፍንጫው ይነፋል? ሦስተኛው ቀለሙ ነው።

ቀለም ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቹ መጻሕፍት የተጻፉት ነጭ ልጅ እያዩ ነው። «ገረጣ፣ ሰማያዊ ሆነ» ይላሉ። የኛ ልጅ ጉንጩ ላይ ይህ አይታይም። ከንፈሩን፣ ምላሱን፣ ድዱን ነው የማየው። ለደም ማነስ የእጁን መዳፍ ከእናቱ መዳፍ ጎን አስቀምጬ አወዳድራለሁ፤ እናትየውም ደም አንሷት ከሆነ ከራሴ ጋር። ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያም ብትሆን ቀለም ታዳላለች። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በአዋቂ ታካሚዎች ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ማሽኗ «ደህና ነው» እያለች የደሙ ኦክስጅን ግን የወረደበት ሰው ከጥቁሮቹ መካከል ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ማሽኗን አልጠላትም፤ እሷ ባትኖር ምን እንደምንሆን እንጃ። ግን 93 በመቶ ነው፣ ደህና ነው ብላኝ ልጁ የሚያቃስት ከሆነ የማምነው ልጁን ነው።

ከዚያ ትንፋሽ መቁጠር አለ። ቀላል ይመስላል አይደል? አንድ ደቂቃ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ ልጁ ተረጋግቶ፣ ልብሱ ከደረቱ ተነስቶ። ሁለት ወር ላልሞላው ልጅ 60ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እገጠር ቤት ውስጥ በዚህች ቁጥር ነው የሳንባ ምች የሚለዩት።

አሁን አንድ ምስጢር ላውጣ። ያለፉ ካርዶችን አገላብጡ። የትንፋሽ ቁጥሩ 36 ነው፣ 40 ነው፣ 44 ነው፣ 48 ነው። 43 የሚተነፍስ ልጅ የለም! 51 የሚተነፍስ አልተወለደም! ለምን መሰላችሁ? አስራ አምስት ሰከንድ ቆጥረን በአራት እናባዛለንና። እጃችን እስኪደርስ፣ ቀጣዩ እስኪጠራ። ይህም የሚሆነው የቆጠርን ቀን ነው። ያልቆጠርን ቀን 40 ነው የምንጽፈው። እኔም ጽፌያለሁ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ጨቅላ ሕፃን ትንፋሹ አንድ ወጥ አይደለም። ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ይቆማል፣ እንደገና ይቀጥላል። በቆመበት አስራ አምስት ሰከንድ ላይ የቆጠርክ እንደሆነ «ደህና ነው» ብለህ ወደ ቤቱ ትሰደዋለህ። በፈጠነበት ላይ የቆጠርክ እንደሆነ ለጤነኛ ልጅ መርፌ ታዛለህ። ለዚህ ነው 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግመህ ቁጠር የሚባለው።

መንካቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ የራሴን እጅ አሞቃለሁ። ሐምሌ ላይ የኔ እጅ ራሱ የሬሳ እጅ ነው፤ በቀዘቀዘ እጅ ሙቀት አይለካም። ከዚያ ከእግር ጣቱ ተነስቼ ወደ ላይ እሄዳለሁ፤ ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ጉልበት። ሙቀቱ የሚጀምረው የት ነው? ያ መስመር ደሙ እስከየት እንደሚደርስ ይነግረኛል። ጥፍሩን ሦስት ሰከንድ ተጭኜ እለቀዋለሁ፤ ቀለሙ ለመመለስ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከፈጀበት ነገር አለ። እርግብግቢቱን በጣት እነካለሁ፤ ሰርጉዷል ወይስ ተነፍቷል? እናቶች እርግብግቢት ሲነካባቸው ይጨንቃቸዋል፤ «ቀስ ሲስተር፣ ይበሳል» ይላሉ። አይበሳም፤ ግን ቀስ እላለሁ።

እግሩ የቀዘቀዘ ልጅ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ወላጅ ሁሉ የሚለው «ግሉኮስ ይሰካለት» ነው። ግሉኮስ ካልተሰካ ታከመ አይባልም። እኛም ብዙ አንለይም ነበር፤ ደሙ በደንብ ካልተዘዋወረ ፈሳሽ ቶሎ ይግባ ነበር ትምህርቱ። በ2011 እ.ኤ.አ. ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የወጣ ጥናት ይህን አናጋው። ከባድ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናት ናቸው። ለግማሾቹ ፈሳሽ በፍጥነት ተሰጠ ብላችሁ አታስቡ፤ በሦስት ነው የተከፈሉት። ሁለቱ ቡድኖች በሁለት ዓይነት ፈሳሽ ቶሎ ተሞሉ፣ ሦስተኛው ቀስ ባለ መጠን ብቻ ተሰጠው። በ48 ሰዓት ውስጥ ከተሞሉት ወደ 10.5 በመቶ ሞቱ። ካልተሞሉት 7.3። ሊያድናቸው ነው የተባለው ነገር ጎዳቸው። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ልብ በሉ፤ በተቅማጥ ውሃ ያለቀባቸውና ክፉኛ የተጎሳቆሉ ልጆች ጥናቱ ውስጥ የሉበትም። የኔ የዚያ ሌሊቱ ልጅ ፈሳሽ ነበር የሚያስፈልገው፣ ያውም በፍጥነት። ከጎኑ በወባ ትኩሳት የወደቀ ልጅ ቢኖር፣ እግሩ እኩል ቢቀዘቅዝ፣ ያው ፈሳሽ ሊገድለው ይችላል። ሁለቱን የሚለያቸው ማየት ነው። በምግብ እጥረት የከሳ ልጅ ደግሞ ያደናግራል፤ ሆዱ ላይ ቆዳውን ቆንጥጠህ ስትለቀው ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፣ ውሃ ባያልቅበትም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ግሉኮስ የሚሰቅል ሰው ደግ ሊሆን ይችላል። ልጁን ግን አላየውም።

ወደ ዘጠኝ ቀኑ ልጅ ልመለስ፤ እናቱን አግዳሚ ላይ ትቻታለሁ።

«ልገልጠው?» ስላት ዙሪያዋን ቃኘች። ገባኝ። ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ሰው ፊት አይገለጥም። ዓይን አለ። ብርድም አለ። አራስ ራሷ ከቤት መውጣቷ አንድ ጉድ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ትምህርት መስጠት ይጀምራሉ፤ «ቡዳ ምናምን የሚባል ነገር የለም እኮ» ይላሉ። እኔ መጋረጃ ነው የምስበው። መጋረጃ ከክርክር ይፈጥናል።

«ነይ፣ ውስጥ ግቢ» አልኳት። አባትየው ይህን ሲያይ ፈነዳ። «እኛ ቀድመን መጥተን! እሷ ምኗ ታሞ ነው?» አለ። መልስ አልሰጠሁትም። በኋላ እሰጠዋለሁ ብዬ ነው።

ጋቢው ተነሳ፣ ፎጣው ተነሳ፣ ጨርቁ ተነሳ። ጤነኛ ጨቅላ ሲገለጥ ይደነግጣል፣ እጁን ይወረውራል፣ ፊቱን አጨማዶ «እምቧ» ይላል። እጅና እግሩንም አጥፎ ነው የሚተኛው። ይሄ እጆቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግተዋል። ቅንድቡን እንኳን አላነቃነቀም። ከንፈሩ ዙሪያ አመድ መስሏል። ትንፋሽ ባወጣ ቁጥር «እህ… እህ…» የምትል ቀጭን ድምፅ አለች። አያትየው ማንኮራፋት መስሏቸዋል፤ «እንቅልፉ ከባድ ነው» አሉኝ። ማቃሰት ነው። ሳንባው እንዳይጨማደድበት አየሩን ጉሮሮው ላይ ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። ማንም ሳያስተምረው በዘጠኝ ቀኑ ያውቅበታል፤ ብዙ ግን አይችልም፣ ይደክመዋል።

ቴርሞሜትሩ 34.8 አለ። አያትየው «እሰይ፣ ትኩሳት የለውም» አሉ። ይህ ስህተት የሳቸው ብቻ አይደለም። በሽታ ማለት ትኩሳት ነው ብለን ነው ያደግነው። ጨቅላ ሕፃን ግን ኢንፌክሽን ሲይዘው ሊቀዘቅዝም ይችላል። ከ35.5 በታች መውረዱ እንደ ትኩሳቱ ያስፈራል። ጡት ማቆሙ፣ ካልነኩት አለመንቀሳቀሱ፣ የሚያንቀጠቅጠው መሆኑ፣ ደረቱ መሰርጎዱ፣ ትንፋሹ 60 መድረሱ፤ ከነዚህ አንዷ ብትታይ እስኪነጋ የሚጠበቅበት ነገር የለም። ለዚህ ነው ጎረቤቴ ስትወልድ አራስ ጥሪ ይዤ ከምሄደው ገንፎ ጋር ይህንንም የምነግራት። «አንቺ ደግሞ ሟርተኛ ነሽ» ትለኛለች፤ ትስማኝ እንጂ ትበለኝ።

እናትየው ቦርሳዋ ውስጥ ከጤና ጣቢያው የተሰጣት ወረቀት ነበራት። አፕጋር ከአስር 8 እና 9 ይላል። «ሲወለድ ጎበዝ ነው ብለውኝ ነበር» አለች። እውነታቸውን ነው። ቨርጂኒያ አፕጋር የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም በ1952 እ.ኤ.አ. ይህን ነጥብ ስታወጣ የፈለገችው አዋላጆች ሕፃኑን በተወለደ በደቂቃው ዞር ብለው እንዲያዩት ነበር። ልቡን፣ ትንፋሹን፣ ጡንቻውን፣ ቀለሙን፣ ሲነኩት የሚሰጠውን ምላሽ። ነጥቡ የአንደኛዋንና የአምስተኛዋን ደቂቃ ነገር ይናገራል። ስለ ዘጠነኛው ቀን ምንም አይልም።

ኢትዮጵያ ውስጥ በ2000 እ.ኤ.አ. በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 67 ደርሷል። ትልቅ ነገር ነው፤ ስንቱ ሰው ደክሞበታል። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት። ከ67ቱ 29ኙ ማለት ነው። እነዚህ ናቸው ጋቢ ውስጥ ያሉት ጭምቶች።

ተረከዙን ወግቼ ስኳሩን ለካሁ፤ 31። ከ45 በታች መሆን የለበትም። ሐኪሟ መጣች። 10 በመቶ ግሉኮስ፣ በጥቂት ሚሊ ሊትር፣ በቀስታ። ኦክስጅን። ለኢንፌክሽኑ አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን። ማሞቂያው ላይ ሁለት ሕፃናት ተኝተዋል፣ ሦስተኛ አይችልም። «ልብስሽን ክፈቺ» አልኳት እናትየዋን። ልጁን ራቁቱን፣ ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርገን፣ ጡቶቿ መሃል አስቀመጥነው፤ ጋቢውን ከላይ መለስነው።

አያትየው ይህን ሲያዩ አልቻሉም። «በጀርባ እንጂ በደረት ይታዘላል እንዴ? ምን ጉድ ነው!»

«እማማ፣ ማሞቂያው እሷ ናት» አልኳቸው።

በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሐኪም ይህን የጀመሩት እንደኛው ማሞቂያ አንሷቸው ነው። የድሃ መላ ነው ተባለ። በ2021 እ.ኤ.አ. ጋናን፣ ሕንድን፣ ማላዊን፣ ናይጄሪያንና ታንዛኒያን ያካተተ ጥናት ወጣ፤ ክብደታቸው ዝቅ ብሎ የተወለዱ ሕፃናት ገና ሳይረጋጉ፣ እንደተወለዱ እናታቸው ደረት ላይ ሲሆኑ የሚሞቱት ቁጥር በ25 በመቶ ቀነሰ። የኛው በዘጠኝ ቀኑ 2.4 ኪሎ ነበር። ሙቀቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ 35.9፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 36.4። እናቲቱ ላብ አጥለቅልቋታል፤ አልተንቀሳቀሰችም።

ስወጣ ሽምብራው ወጥቷል። ተለማማጁ ሐኪም ባዶውን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣቱ ደፍኖ፣ አባትየው አፉን ልጁ አፍ ላይ ገጥሞ አንዴ እፍ ሲል ተስፈንጥሮ ወጣ። ይህ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን አትሞክሩት። አባትየው ሽምብራውን መዳፉ ላይ ይዞ ቆሟል፤ አብጧል፣ የባቄላ ያህል ሆኗል። በመጋረጃው ክፍተት ወደ ውስጥ አየ። ልሰጠው ያሰብኩት መልስ ነበረኝ። «ይተርፋል?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንጃ» አልኩት። ልጁን ተሸክሞ ሄደ።

በአራተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወጣሁ። ገና ከደረጃው ሳለሁ ነው የሰማሁት። ቀጭን፣ የተናደደ፣ የማያባራ ለቅሶ። አንዷ አስታማሚ «ኧረ ዝም አስብሉት፣ ራሳችንን አዞረው» ትላለች። አያትየው ሲያዩኝ ተነሱ።

«ይቅርታ ልጄ» አሉኝ፣ «አስቸጋሪ ሆኖብናል።»

ጡቷን ሰጠችው፤ ያዘ። ጠጥቶ እስኪጠግብ ጠበቅኩ። ሲረጋጋ ከደረቱ ላይ ጋቢውን ገለጥ አደረግኩ፤ እናትየው ራሷ በነጠላዋ ከለለችኝ። ሰዓቴን አየሁና አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። ካርዱ ላይ ስም የለም፤ «ቤቢ ኦፍ» ብሎ የእናቱን ስም ያስከትላል። ከሥሩ፣ የትንፋሽ ቁጥር በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ 57 ብዬ ጻፍኩ።